ነኢማን የነፈግኳት ቁርጥራጭ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ በነበረው የጋሽ ዳምጠው ልብስ ስፌት ቤት። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነበር። የለበስኩት ከመጽሔት ላይ አይቼ ራሴ የሰፋሁትን ሰማያዊ ቀሚስ ነው። ጨርቁ አዲስ ስለነበር ስራመድ ይንኮሻኮሻል። ጋሽ ዳምጠው እንዲያዩልኝ ባንኮኒው ፊት አንድ ሁለቴ ዞር ዞር አልኩ።

«ልብስ ልታሳዪ ነው ወይስ ልትሰፊ የመጣሽው?» አሉኝ።

«ልሰፋ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ቁጭ በያ።»

በዚያው ጠዋት ሌላም ልጅ ሥራ ጀመረች። ነኢማ ትባላለች፤ የኔው እኩያ ናት። አባቷ አትክልት ተራ ሽንኩርት ያከፋፍሉ ነበር። የታላቅ እህቷን አሮጌ ሹራብ ለብሳለች። ክርኑ ተቀዶ ተጥፏል፤ ጥፉ ግን በቅጠል ቅርጽ ተቆርጦ ስለተሰፋ ጌጥ እንጂ ጥፍ አይመስልም። የኔን አዲስ ቀሚስ ማንም ሳያየው የሷን ክርን ሁሉም ሰው አየው። ስሟን ሳላውቅ ቀናሁባት።

ጋሽ ዳምጠው ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ አሮጌ ኮት ሰጡን። ያኔ ኮት ማስገልበጥ የተለመደ ነበር። ውጪውን ፀሐይ የበላው የሱፍ ኮት ስፌቱ ይፈታና ውስጡ ወደ ውጪ ዞሮ እንደገና ይሰፋል። ደህና አድርጎ የገለበጠው ሰው ካለ ኮቱ ሌላ አሥር ዓመት ይለበሳል። የጀማሪ ሥራ ስፌቱን መተርተር ነው። እኔ ምላጭ ይዤ ተጣደፍኩና ከምሳ በፊት ጨረስኩ፤ ሁለት ቦታ ጨርቁን በስቻለሁ። ነኢማ ክሩን በመርፌ ጫፍ እየነቀለች እስከ አሥር ሰዓት ቆየች። የነቀለችውን ክር ካርቶን ላይ ጠቅልላ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ ጋሽ ዳምጠው።

«ክሩ ነው ጋሼ። አልተበጠሰም፤ ለጊዜያዊ ስፌት ይሆናል።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ስንት ዘመን ሠርቼ ክሩን የመለሰልኝ ሰው አላየሁም» አሉ። ከዚያ የበሳሁትን ኮት ወደ እኔ ገፉት። «ይሄን ደግሞ አንቺው ትጠቅሚዋለሽ፣ ውድነሽ።»

ያን ቀን የተጀመረው ቅናት በሥራ ዘመኔ ሁሉ አብሮኝ ኖሯል። ይህን የምጽፈው ለሙያ ባልደረቦቼና አሁን መቀስ ለሚያነሱ ልጆች ስለሆነ፣ ምንም ሳላሳምር ልናገረው።

የስፌት ቤት ማዕረግ ነበረው። ተርታሪ ሆነሽ ትጀምሪያለሽ። ቀጥሎ ቁልፍ ተካይ፣ ከዚያ ዘምዛሚ፣ ከዚያ መኪና ላይ ትቀመጫለሽ። ከሁሉም በላይ ቀዳጅ አለ። ቀዳጅ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ልኬቱን በሳሙና ስባሪ አስምሮ፣ በትልቁ መቀስ የሚቆርጠው ሰው ነው። ሰፊ ቢሳሳት ይተረተራል። ቀዳጅ ቢሳሳት ጨርቁ ሄደ።

በስድስት ዓመት ቀዳጅ ሆንኩ። ነኢማ ሰፊ ነበረች። በቤቱ ወሬ «ቀዳጇ ቀደመች» ተባለ፤ ደስ አለኝ። እጄ እውነትም ለቅድ የተሠራ ነበር። የምወደው አዲስ ጨርቅ ነው። ጥቅሉ ሲፈታ የሚወጣውን ሽታ፣ መቀሱ ሲገባበት የሚያሰማውን ድምፅ፣ ማንም ያልነካው መሆኑን። አሮጌ ልብስ የሰው ላብ ይሸተኛል፤ እጄን ያሳክከኛል። ነኢማ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናት። አዲስ ጨርቅ ሲመጣ ዝም ትላለች። የተበላ ኮሌታ፣ የጠበበ ቀሚስ፣ የአባት ሱሪ ሲመጣላት ፊቷ ይበራል።

«እሱን ጨርቅ ምን ታደርጊዋለሽ? ፊቱ ደብዝዟል እኮ» እላታለሁ።

«ጀርባው ደህና ነው፤ ከጀርባው ለልጅ ኮት ይወጣል» ትለኛለች።

በማዕረግ በልጫት፣ ደንበኛ ግን ሲስቅ የሚሰማው በሷ በኩል ነበር። አዲስ ልብስ ያሰፋ ሰው መስታወት አይቶ ራሱን ያደንቃል። ነኢማ አሮጌ ልብሱን ያደሰችለት ሰው እሷን ያደንቃል።

አንድ ቀን ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እትዬ ሮማን ለፕሮቫ መጡ። ፕሮቫ የምንለው ልብሱ ሳይጠናቀቅ ሰውየው ላይ የሚለካበትን ነው። እትዬ ሮማን ፒያሳ ወርቅ ቤት አላቸው፤ በየበዓሉ አዲስ ቀሚስ ያሰፋሉ፤ ከደንበኞቼ ሁሉ የምመካባቸው እሳቸው ነበሩ። ጉልበቴ ላይ ተንበርክኬ ጫፉን በስፒል እየያዝኩ ሳለ በሌላው ጥግ አንዲት ሙሽራ ልብሷን ለበሰች። ሥላሴ አካባቢ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ያመጣችው የሟች እናቷን የሠርግ ቀሚስ ነው። ደረቱ አካባቢ ቢጫ ሆኖ፣ እጅጌው ተበልቶ ነበር። ነኢማ ቢጫውን አውጥታ ከእጅጌው በተረፈው ዳንቴል ተክታዋለች። የት እንደተቀጠለ እኔ እንኳ አላገኘሁትም።

ሙሽራዋ መስታወቱን አይታ ዞረችና የነኢማ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «እማዬን መሰልኩ» አለች።

እትዬ ሮማን በኔ ስፒሎች እንደተሰካኩ ቆመው ያዩ ነበር። «ውድነሽ፣ እኔም እኮ ቁም ሣጥን ሙሉ ልብስ አለኝ። ይቺ ልጅ ብታይልኝ ምን ይመስልሻል?» አሉኝ።

«እንደፈለጉ እትዬ።»

«ኧረ ወጋሽኝ!»

«ይቅርታ፣ እጄን አዳልጦኝ ነው።»

እጄን አዳልጦኝ ነው ብዬ ለራሴም ብዙ ዓመት ነግሬዋለሁ። እትዬ ሮማን ያን ፋሲካ ከኔ አዲስ ቀሚስ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት ያሰፉት ነኢማ ጋ ነው።

ጋሽ ዳምጠው አርጅተው ቤቱን ሲዘጉ እኔና ነኢማ በየፊናችን ወጣን። እኔ እዚያው ፒያሳ ሰፊ ሱቅ ተከራይቼ ስድስት የስፌት መኪናና ጠርዝ የሚዘመዝም አንድ ኦቨርሎክ አስገባሁ። የሚዜ ልብስ ዘመን ነበር። ለአንድ ሠርግ ስምንት፣ አሥር ሚዜ አንድ ዓይነት ቀሚስ ታሰፋለች። ሳቲኑና ፖሊስተሩ በጥቅል ይመጣል፤ ሮዝ፣ ወይን ጠጅ፣ የሎሚ ቢጫ። ልጆቹ አንድ ቅዳሜ ይለብሱታል፤ ከዚያ ልብሱ የት እንደሚደርስ ጠይቄ አላውቅም። ቅዴ ያምር ነበር፤ ቁርጥራጩም ብዙ ነበር። የሚያብለጨልጭና ወገብ የሚይዝ ልብስ ለማውጣት ጨርቁን በሰያፍ ነው የምቀደው፤ በሰያፍ ሲቀደድ ጥጉ ሁሉ ይጣላል። በሳምንት አራት አምስት ማዳበሪያ ይሞላል።

ነኢማ ሰባ ደረጃ አካባቢ ከደረጃ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ተከራየች። መኪናዋ አንድ ነው። አንድ ቀን ሱቄ መጣች።

«ውድዬ፣ ቁርጥራጩን የት ነው የምትጥዪው?»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«እኔ ጋ ሥራ አለው። ቦርሳ ይሆናል፣ ገበር ይሆናል፤ ትንንሹን ደግሞ ትራስ እሞላበታለሁ።»

«የሚወስድ ሰው አለኝ» አልኳት። ማንም አልነበረኝም።

«እሱ የማይፈልገውን እንኳ…»

«ሁሉንም ነው የሚወስደው ነኢማ።»

ተሰናብታኝ ሄደች። ለምን እንደከለከልኳት አውቃለሁ። ከኔ ጠረጴዛ የወደቀ ነገር በሷ እጅ አምሮ፣ ሰው ሲያሞጋግሳት በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ። ለሷ ከምሰጣት ይቃጠል አልኩ። አቃጠልኩትም።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ አቃጥል ነበር። ሠራተኞቼን አላዘዝኩም፤ ራሴ ነኝ። ጥጥ ሲቃጠል አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ጭሱ ጥቁር ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። ያልነደደውን በእንጨት እየገፋሁ ወደ ታች እሰደዋለሁ።

ከቁልቁለቱ ሥር የሚኖሩ እማማ ፋናዬ የሚባሉ አሮጊት አንድ እሑድ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። «ልጄ፣ እባክሽ ጭሱ ደረቴን ዘጋው» አሉኝ።

«እሺ እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። በሚቀጥለው እሑድ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን በሚሆኑበት ሰዓት አቃጠልኩ። መተውስ አልተውኩም።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ መሄጃ አጥቶ ከቁልቁለቱ ሥር ያሉ ቤቶች ውስጥ ገባ። እኔም ጩኸት ሰምቼ ጃንጥላ ይዤ ወረድኩ። የእማማ ፋናዬ ቤት ውኃው አልጋ ደርሷል። እሳቸውን ጎረቤት አዝሎ አውጥቷቸዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሮ ይንቀጠቀጣሉ። ነኢማ ከሰባ ደረጃ ሮጣ መጥታ ኖሮ ጫማዋን አውልቃ ፍራሻቸውን በጀርባዋ ተሸክማ ስትወጣ አየኋት።

የሰፈሩ ወንዶች የተዘጋውን ቱቦ በዶማ ከፈቱት። ከውስጡ የሰው ጭንቅላት የሚያክል ደረቅ ነገር ጎትተው ጣሉ። ግማሹ የቀለጠ፣ ግማሹ ጨርቅ። ጭቃው ሲታጠብ ሮዝ ሳቲን መሆኑ ታየ። እዚያ ካለው ሰው ሁሉ ያወቅነው እኔና ነኢማ ነን። በዚያው ሳምንት ሱቄ መስኮት ላይ የሰቀልኩት ልብስ ከዚያ ጨርቅ የተሰፋ ነበር።

«ምንድነው እሱ?» አለ አንዱ።

ነኢማ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ አነሳችው። «ፌስታል ነው። ፌስታል ተጠራቅሞ ነው» አለች። ከሌላው ቆሻሻ ጋር ከረጢት ውስጥ ከተተችው።

ነኢማ ስትዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ በንዴት አለቀስኩ። ችሎታዋ አልበቃ ብሎ ደግነቱም የሷ ሆነ ብዬ ነው። ብታጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምጠላበት ምክንያት ይኖረኛል።

እማማ ፋናዬ ሳል ጀምሯቸው ክረምቱን በሙሉ ተኙ። መስቀል ሲደርስ ተነሱ። አልጋ ገዝቼ ላክሁላቸው፤ ከማን እንደሆነ አላስነገርኩም።

ማቃጠሉን ተውኩ። ለነኢማ ግን አልሰጠኋትም። ከረጢቶቹን ከሱቁ በላይ ያለው ቆጥ ላይ ከመርኳቸው። ቆጡ ሲሞላ አንድ መጋዘን ተከራየሁ። ለቁርጥራጭ መጋዘን የተከራየ ሰው ከኔ ሌላ የለም።

ዓመታት አለፉና የነኢማ ስም መነሳት ጀመረ። መጀመሪያ ወጣቶች በስልካቸው ቦርሳዋን ያሳዩ ነበር። ቀጥሎ ከሰልባጅ ጂንስ የሠራችው ካፖርት ዝነኛ ሆነ። ከዚያ አንድ አዳራሽ ውስጥ ትርኢት አቀረበች ተባለ። ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ተከናንቤ፣ ጥቁር መነጽር አድርጌ ሄድኩ። የሄድኩት ጥፋት ፍለጋ ነው። የተሰቀለውን ልብስ ሁሉ ጫፉን እየገለበጥኩ ስፌቱን አየሁ። ስፌቱ እንከን የለውም። ወደ ትከሻው ዞርኩ። እዚያ ላይ ጥፋቱን አገኘሁት። ካፖርቱ ትከሻው ላይ ወድቋል፤ ብብቱ ይይዛል፤ የቅድ ችግር ነው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

«ይሄ ቅድ አይደለም። ትከሻውን አይተሽዋል?» አልኳት አጠገቤ ለቆመች የማላውቃት ሴት።

«ልክ ነሽ፤ ቅድ ላይ ደካማ ነኝ» አለ ከኋላዬ ድምፅ። ነኢማ ናት። «መነጽርሽን አውልቂው ውድዬ፤ በጨለማ ጨርቅ አይታይም።»

መነጽሬን ሳላወልቅ ወጣሁ።

የኔ ሥራ እየቀዘቀዘ ሄደ። ያለቀለት የሚዜ ልብስ በካርቶን ታሽጎ ከውጭ መግባት ጀመረ። ልጆቹ በስልክ መርጠው ያዛሉ። ስፌቱ በሁለተኛው እጥበት ይፈታል፤ ለነገሩ ሁለተኛ የሚያጥበው የለም። መኪኖቼን አንድ በአንድ ሸጥኩ። ሱቁ ያለበት ሕንፃም እንዲነሳ ተወሰነና ለቅቄ ወጣሁ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የቀረኝ አንድ ትልቅ መቀስና አንድ መጋዘን ቁርጥራጭ ነበር።

አንድ ወር ቤቴ ተቀመጥኩ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ አይሱዙ ተከራይቼ ከረጢቶቹን በሙሉ ጭኜ ነኢማ ጋ ሄድኩ። ያኔ ከደረጃ ሥር ወጥታ አንድ ግቢ ይዛለች፤ አሥራ አንድ ሴቶች ይሠሩላታል። መኪናውን አይታ ወጣች። አንዱን ከረጢት ፈትታ እጇን አስገባች፤ ሮዝ፣ ወይን ጠጅ፣ የሎሚ ቢጫ ወጣ።

«የሚወስደው ሰውዬ ተወው እንዴ?» አለችኝ።

«ሰውዬ አልነበረም።»

«አውቃለሁ። እሑድ እሑድ ይሸተኝ ነበር እኮ። ሰባ ደረጃ ድረስ ይመጣል።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዋሸሽልኝ?»

ከረጢቱን መልሳ እያሰረች «ሰዎቹ ዶማ ይዘው ነበር» አለች። ከዚያ ሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም። «ይቅር አለችኝ እንዳትዪ። እማማ ፋናዬ ሲንቀጠቀጡ ያየሁበትን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም። አንቺም አትርሺው። ግን ቀዳጅ ቸግሮኛል። ትሠሪያለሽ?»

«ከስንት ሰዓት?»

«ከሁለት ሰዓት።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ገባሁ።

የነኢማ ቅድ ከኔ ቅድ የተለየ ነው። እኔ ልብሱን አስቤ ጨርቁን እቆርጥ ነበር። እሷ ጋ መጀመሪያ ጨርቁ ይለካል፤ ልብሱ ከዚያ ነው የሚታሰበው። ከሰልባጅ ሸሚዝ እጅጌው ምን ይወጣዋል፣ ኮሌታው የት ይገባል ብዬ ቁርጥራጩን ስደረድር መጀመሪያ ላይ እጄ እምቢ አለኝ። በሦስተኛው ወር ትከሻው ተስተካከለ። ካፖርቱ አሁን በደንብ ይቀመጣል። ነኢማ ለብሳው መስታወት ፊት ዞር ዞር አለችና «በቃ፣ ይሄ ነው የጎደለኝ» አለች።

ቅናቴ የለቀቀኝ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ዓመት ጋዜጠኞች መጥተው ቀረጿት። «ይህን ካፖርት እንዴት አሰቡት?» ሲሏት ግማሽ ሰዓት አወራች፤ የኔን ስም አንድ ጊዜ አልጠራችም። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። በአራተኛው ቀን «ረሳሁት፣ ወላሂ» አለችኝ። አመንኳት፤ ግን አሁንም ይቆጨኛል።

አዲስ ጨርቅ መውደዴንም አልተውኩም። በዚህ እንጣላለን። አንዲት ሙሽራ ለስድስት ሚዜዎቿ አዲስ ልብስ ፈልጋ ስትመጣ ነኢማ «እኛ አዲስ አንሠራም» ብላ ልትሸኛት ነበር።

«ቆይ» አልኩ። «ልጅቷ መድመቅ ነው የፈለገችው፤ ይሄ ጥፋት አይደለም። እኛ ብንመልሳት የአንድ ቀኑን በካርቶን ታስመጣለች።»

«ታዲያ አንቺ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ስጪኝና እዪኝ።»

ፖሊስተሩን ትቼ የአገር ውስጥ ጥጥ መረጥኩ። ቀሚሱን ሁለት ክፍል አደረግሁት፤ ለሠርጉ ተያይዞ ሙሉ ቀሚስ ይሆናል፣ ሲለያይ ጉርድና ሸሚዝ ነው። ሲወፍሩ እንዲሰፋ ስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ተውኩ። ቅዱን ወረቀት ላይ አራት ቀን ደረደርኩ፣ አፈረስኩ፣ ደረደርኩ። ከስድስቱ ልብስ የተረፈው ቁርጥራጭ በሁለት እጄ መዳፍ ውስጥ ገባ። ነኢማ ቆጠረችው፤ አንድ ቁራጭ አንስታ ለቁልፍ ማልበሻ ወሰደች።

ሠርጉ አለፈ። ከዓመት በላይ ቆይቶ አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ከፊቴ ከሚዜዎቹ አንዷ ቆማለች። ጉርዱን ለብሳዋለች። ቀለሙ ትንሽ ለቋል፤ ወገቡ ተለቆ ሰፍቷል፤ የተውኩት ሁለት ጣት ሠርቷል ማለት ነው። ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል፤ እኔ ስፌቴን አያለሁ። ለሠርግ የሰፋሁትን ልብስ ከሠርጉ በኋላ መንገድ ላይ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ታክሲው መጣ፤ ልጅቷ ገባች፤ እኔ ቀጣዩን ጠበቅሁ።

ከሥራዬ የተማርኩት ይህን ነው። ልብስ መውደድ ነውር የለውም፤ አዲስ መልበስም እንደዚያው። ጨርቁን ከመቅደዳችሁ በፊት ግን ልብሱ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚለበስና ትርፉ ማን እጅ እንደሚገባ ወስኑ። መልሱን ካላወቃችሁት መቀሱን አታንሱ። የማትፈልጉትን ቁርጥራጭ ደግሞ ለሚፈልገው ስጡ፤ ሰውየው ብትቀኑበትም ስጡት።